ዓረብኛ በፊኛ

ለላሊበላ ልጅ ቋንቋ ላስተምርህ ማለት ለቀባሪው ማርዳት ነው። አብያተ ክርስቲያናቱ እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ መዝገብ ከሰፈሩ ወዲህ እዚህ የተወለደ ሁሉ ደጁ ላይ የተከፈተ፣ ክፍያ የሌለው፣ መምህሩ በየቀኑ የሚለዋወጥ የቋንቋ ትምህርት ቤት ነበረው። ከቤተ ጊዮርጊስ በላይ ቆሞ የሚጠብቅ የስምንት ዓመት ልጅ ጫማ አይቶ አገር ይለያል። ጀርመኑን «ጉተን ታግ»፣ ጣልያኑን «ቻው»፣ ስፔኑን «ኦላ» ብሎ ይቀበልና የየአገራቸውን ዋና ከተማ ከኳስ ተጫዋቾቻቸው ስም ጋር ይዘረዝርላቸዋል። ሰዋስው አልተማረም፤ የሚያጨበጭብለትም የለም። ግን ያቺ ንግግር ምን እንደምታመጣ ጠንቅቆ ያውቃል። ኳስ ታመጣለች። ኳሷ ተገዝታ ፈረንጁ መታጠፊያውን ሲያልፍ ወደ ሱቋ ስለምትመለስ፣ አንዳንዷ ኳስ አንድ ጊዜ እንኳ ሳትለጋ በስድስት ቋንቋ ተሽጣለች።

ከዚያ በ2012 ኮቪድ መጣ። በ2013 ክረምት ጦርነቱ ከተማችን ገባ። በ2015 ክረምት ደግሞ ሌላ ግጭት፤ ከሱ ጋር የሞባይል ኢንተርኔቱም ተዘጋ። ፈረንጁ ሲቀር የመንገዱ ትምህርት ቤት ያለ ደወል ተበተነ። ልጅ ቤት ዋለ። ልጅ ቤት ሲውል ወላጅ ማሰብ ይጀምራል፤ ጣጣውም የሚመጣው ወላጅ ማሰብ ሲጀምር ነው። ኢንተርኔቱ ብልጭ ድርግም እያለም ቢሆን ሲመለስ ሐሳቡ ስም አገኘ። «ኦንላይን» ተባለ።

አስጎብኚው ጎረቤቴ የስድስት ዓመት ልጁን ዓረብኛ ያስጀመረው በዚህ መሀል ነው። ለምን ዓረብኛ ሆነ ብትሉት ምክንያቱን ይደረድርላችኋል፤ ገበያው ወደዚያ ነው፣ ነገ የዓረብ ጎብኚ ይመጣል፣ ቋንቋ ሀብት ነው። እሱ ያልነገረኝን ሚስቱ ነገረችኝ። አዲስ አበባ ያሉት የወንድሙ ልጆች ቻይንኛ ጀምረዋል። በየወሩ ስንት እንደሚከፍል እሱ አልነገረኝም፤ ይህንንም የነገረችኝ እሷው ናት።

የመጀመሪያው ቀን ትምህርት ሳይካሄድ ቀረ። መምህርቷ ያለችው ካይሮ ነው። እሷ «አምስት ሰዓት» ብላ ጻፈች። በዚያ ሰዓት የኛ ስልክ ስድስት ይላል፤ ቤቱ ውስጥ ደግሞ አሥራ ሁለት ነው። አባትየው አምስት የምትለዋን ብቻ ይዞ፣ ረፋድ በአምስት ሰዓት ልጁን ፊቱን አሳጥቦ፣ የጥምቀት ልብሱን አልብሶ ስልኩ ፊት አስቀመጠው። ልጁ መምህርቷ እስክትመጣ የራሱን ፊት እያየ ምላሱን ሲያወጣ፣ ጉንጩን ሲነፋ፣ ዓይኑን ሲገለብጥ ቆየ። በኋላ ከትምህርቱ የቱን እንደሚወድ ስጠይቀው ያንን ቀን ነው ያለኝ።

ሰዓቱ ከተስተካከለ በኋላ እኔም ለቡና ተጠርቼ ሄድኩ። ስልኩ የስኳር ቆርቆሮ ተደግፎ ቆሟል። ልጁ በርጩማ ላይ ነው፤ ከኋላው አባቱ፣ እናቱ፣ አያቱና እኔ። አክስቱ ጥግ ይዛ ቡና ትቆላለች። መምህርቷ መልካም ሰው ናት፤ ከሁላችንም የምትደክመውም እሷ ናት። እጇ ላይ የጨርቅ አሻንጉሊት አጥልቃ ትዘፍናለች፣ ታጨበጭባለች፣ ወንበሯ ላይ ትዘላለች። የዓረብኛ ፊደል ለሕፃን የሚጀመረው ብዙ ጊዜ በእንስሳት ነው። አሊፍ አርነብ፣ ጥንቸል። ባ በጣ፣ ዳክዬ። ሳ ሠዕለብ፣ ቀበሮ። ጂም ጀመል፣ ግመል። ጥንቸሏ በሰላም አለፈች። ዳክዬዋ ላይ ስብሰባ ተከፈተ።

«ዶሮ!» አለ ልጁ።

«ዳክዬ ናት» አለ አባትየው።

አያትየው ነጠላቸውን ሰብስበው ወደ ስልኩ ጎንበስ አሉና «አፏ አብጦባት ነው እንጂ ዶሮስ ዶሮ ናት» አሉ።

መምህርቷ በዚህ ሁሉ መሀል «በጣ! በጣ!» እያለች ታጨበጭባለች።

ቀበሮው ሲመጣ ልጁ ነቃ። ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ የሚለው አቡነ ዮሴፍ ተራራችን ላይ ቀይ ቀበሮ አለ፤ አባቱ ጎብኚ ይዞ ሲወጣ የሚያየውን ለልጁ ያወራለታል። ልጁ ይህንን ለመምህርቷ ሊነግራት ፈለገ። ጣቱን ወደ ተራራው አቅጣጫ፣ ማለትም ወደ ቁም ሳጥኑ ቀስሮ በአማርኛ ጀመረ። እሷ አማርኛ አታውቅም። አባትየው በእንግሊዝኛ ሊያስረዳ «ሚስ፣ ኢን አወር ማውንቴን…» ሲል ፊኛው መጣ።

ፊኛው የትምህርቱ እምብርት ነው። ልጁ በትክክል ሲመልስ ስክሪኑ ላይ ፊኛ ይወጣል፤ ሲነካው ይፈነዳል፤ ከውስጡ ኮከብ ይወድቃል። ይህን የፈጠሩ ሰዎች ልጁ በፊኛው በኩል ፊደሉን ይወድዳል ብለው ነው። ልጁ የወደደው ፊኛውን ነው፤ አይፈረድበትም፤ ባና ፊኛ ቢቀርቡላችሁ እናንተስ? ወር ሳይሞላው፣ ጥያቄውን ሳይሰማ ስክሪኑን በአሥር ጣቱ ቢደበድብ ከአራቱ መልስ አንዱ መምታቱ እንደማይቀር ደረሰበት። ኮከቡ ተቆለለ። አባትየው እሑድ ከቅዳሴ መልስ «ልጄ ሁለት መቶ ኮከብ ደረሰ» ይላል፤ ሰውም «እግዚአብሔር ይመስገን» ይላል፤ የምን ኮከብ ብሎ የጠየቀ የለም። አንድ ቀን ባን ወረቀት ላይ ጽፌ «ይህች ማን ናት?» ብለው ወረቀቱን ገልብጦ ከኋላው አየና «ፊኛዋስ?» አለኝ።

ጨዋታ ያስፈልጋል ሲባል ደግሞ ጨዋታውን የሚያወጣው ሰው ቤቱን ሳያይ ነው የሚያወጣው። ቀለም የተማሩ ቀን መምህርቷ «አሕመር! ቀይ ነገር ፈልገህ አምጣ!» አለችው። ግሩም ጨዋታ ነው፤ ልጅ ወንበር ላይ ደርቆ እንዳይቀር ያስነሣዋል፣ ያስሮጠዋል። ልጁ ሮጦ ጓዳ ገባ። ቀይ ነገር አላጣም። እናቱ ለክረምት ያስፈጨችው በርበሬ እዚያው ነበር። አንድ እፍኝ ዘግኖ እየሮጠ ተመለሰ፣ ለካሜራው አሳየ፣ ተጨበጨበለት፣ ፊኛው ወጣ፣ ደስ ሲለው ዓይኑን አሸ። የዚያን ቀን ትምህርት በዚሁ አበቃ። «አብየድ» የተባለ ቀን የአያቱን ነጠላ ከራሳቸው ላይ ገፎ አመጣ፤ ይኼኛው የተሻለ ነበር። «አኽደር» ሲባል አረንጓዴ ፍለጋ ደጅ ወጣና ሣሩ ላይ ኳስ የሚጫወቱ ልጆች አገኘ። መምህርቷ ባዶ በርጩማ እያየች ብዙ ጠበቀች።

የመስተዋቱ ነገር ግን ከሁሉ የባሰው ነው፤ እዚህ ላይ ጥፋቱ የማንም አይደለም። የዓረብኛ ፊደል 28 ነው፤ 231 ፊደል ለቆጠረ የኛ ልጅ ይህ ምንም ማለት አልነበረም። ችግሩ ፊደሎቹ ብቻቸውን ሲቆሙና እጅ ለእጅ ሲያያዙ መልካቸው መለያየቱ ነው፤ መስመሩም ከቀኝ ወደ ግራ ነው። ልጁ ይህን እንደ ምንም ለምዶ ጂምን ደብተሩ ላይ አሳምሮ ጻፈ። ለመምህርቷ ሊያሳይ ደብተሩን ወደ ስልኩ አዞረ። የፊት ካሜራ ደግሞ ለራስህ ሲያሳይህ እንደ መስተዋት ገልብጦ ነው። መምህርቷ በትክክሉ ታየዋለች፤ ልጁ ግን ተገልብጦ አየው። ደንግጦ ላጲስ አነሣና ገልብጦ ጻፈው። አሁን ለሱ ልክ ሆነ፣ ለሷ ተገለበጠ። «ላ፣ ላ» አለች። አባትየው «ገልብጠው!» አለ። እናቱ «ደብተሩን ነው ፊደሉን?» አለች። ልጁ ግራ ቢገባው በርጩማው ላይ ዞሮ ተቀመጠና ለሁላችንም ጀርባውን ሰጠን።

ይህን ሁሉ ያዩ የሰፈራችን ሽማግሌዎች «በኛ ጊዜ» የምትለዋን ይጀምራሉ። ለነሱ ትምህርት ማለት የኔታና አርጩሜ ነው። ምስክርም አያጡም። ጎረቤታችን ዋድላ በቅኔ ከጎንጅና ከዋሸራ ጋር ስሟ አብሮ የሚጠራ አገር ናት። ወደ ቆላው ብንወርድ የጁ ላይ ዳና፣ ደቡብ ወሎ ደግሞ ሼኽ ሙሐመድ ሻፊ የመሠረቷት ጀማ ንጉሥ ደረሳ ከየአገሩ የሚጎርፍባቸው የቂርኣት ቦታዎች ነበሩ። አንዱ ለምዱን ደርቦ፣ ኮፋዳውን አንግቶ፣ በየመንደሩ ውሻ እየተባረረ ተማረ፤ ሌላው ሉሑን አቅፎ ብርዱን ችሎ ቀራ። ማን ፊኛ ነፋላቸው? ይላሉ።

እውነት ነው። ግን አርጩሜ ሊቅ አደረገን የሚሉ ሰዎች አርጩሜውን ሸሽተው ከመንገድ የቀሩትን አይቆጥሩም፤ የቀሩት መጽሐፍ አልጻፉማ። ደግሞስ ደስታ አልነበረም ያለው ማን ነው? ሕፃናቱ ፊደሉን ባንድ ድምፅ ሲያዜሙት፣ ትልቁ ታናሹን ሲያስጠና፣ ጥላሸት በጥብጠው ቀለም ሲሠሩና እግረ መንገዳቸውን ፊት ለፊት ሲቀባቡ፣ ዳዊት የደገመ ወይም ቁርኣን ያኸተመ ልጅ ተደግሶለት ጎረቤት ሲበላ፣ ያ ሁሉ ምን ነበር? ሼኽ ጦልሃ ጃዕፈር አማርኛውን በዓረብ ፊደል እየጻፉ መንዙማ የደረሱት እዚሁ ወሎ ነው፤ መንዙማ በቃሉ የያዘ ልጅ ደግሞ ትምህርት መሆኑን ሳያውቅ ብዙ ተምሯል። የድሮው ልጅ ሲያጠፋም ሲያለማም ዙሪያውን አብረውት የሚያጠፉ ነበሩ። የኛው ግን ከስኳር ቆርቆሮ ጋር ለብቻው ተፋጧል፤ እኛ ከኋላው ያለነው ታዛቢ ነን።

መንገድ ተሻግሮ ባለው ሱቅ ደግሞ ሌላ ኦንላይን አለ። ባለ ሱቁ ሙስሊም ነው፤ ልጆቹን በዙም ማስቀራት ሞክሮ ኔትወርኩ አላስቀራ አለው። ኡስታዙ «ቢስሚ…» ብሎ ይቆምና ፊቱ ደርቆ አፉ እንደተከፈተ ይቀራል፤ ልጆቹም አፋቸውን ከፍተው ይጠብቁታል። በመጨረሻ አዲስ አበባ ያለ አንድ የወሎ ተወላጅ ኡስታዝ ነገሩን አቃለለው። ማታ ማታ አንድ አጭር ምዕራፍ በቴሌግራም በድምፅ ይልካል። ልጆቹ ኔትወርክ ሲመጣ ያወርዳሉ፣ ደጋግመው ይሰማሉ፣ የራሳቸውን ቀድተው ይልካሉ። መብራት ቢጠፋ፣ መስመር ቢቆረጥ፣ የቀረጹት አይጠፋም፤ ሌሊት ሲከፈት ይሄዳል። የላስታን ኔትወርክ ጠባይ የሚያውቅ ሰው ያወጣው ዘዴ ነው።

ፊኛ የለውም፤ ኮከብም የለውም። ግን ወንድምና እህት ስልኩን እየተናጠቁ ነው የሚቀዱት። ልጅ የገዛ ድምፁን ሲሰማ እንዴት እንደሚሆን ካላያችሁ አንዱን ልጅ ይዛችሁ ሞክሩት። መጀመሪያ «እኔ አይደለሁም» ይላል፤ ቀጥሎ ይስቃል፤ ከዚያ «ይጥፋና እንደገና» ይላል። አንዷን አንቀጽ እስክታምርለት ሲደጋግም ማንም ድገም ያለው የለም። አንድ ንጋት ላይ ወንድየው የቀዳውን ሰምቶ ኡስታዙ መለሰ፤ «ማሻ አላህ፣ የዐይን ፊደሏ ላይ ትንሽ ጠበቅ አድርግ። ከኋላህ የሚያነበው ሰውዬስ ማን ነው?» ልጁም «ቅዳሴ ነው፣ በድምፅ ማጉያ ነው» ብሎ ላከ። ኡስታዙ መጀመሪያ ሳቁን ብቻ ላከ፤ ቀጥሎ «እንግዲያው አንተም ድምፅህን ከፍ አድርግ» የምትል መጣች። ልጁ ከዚያ ወዲህ የሚቀራው ቤተ ማርያም ድረስ በሚሰማ ድምፅ ነው።

ወደ አስጎብኚው ቤት ልመለስ። አያትየው ነገሩ ሲከርም ሥጋት ገባቸው። ዳክዬዋን ይቅር ብለዋታል፤ የከበዳቸው ቋንቋው ነው። «ልጄን ሊያሰልሙብኝ ነው» ብለው ለንስሐ አባታቸው ከሰሱ። ቄሱ በዝግታ ጠላቸውን ጠጥተው ሲያበቁ ነገሯቸው። ስንክሳሩ ወደ ግዕዝ የተመለሰው ከዓረብኛ ነው፤ ፍትሐ ነገሥቱም እንዲሁ፤ ጳጳሶቻችንም እስከ 1940ዎቹ ድረስ ከግብፅ የሚመጡ ዓረብኛ ተናጋሪዎች ነበሩ። ክብረ ነገሥት እንኳ መጨረሻው ላይ ከቅብጥ ወደ ዓረብኛ የተመለሰው በንጉሥ ላሊበላ ዘመን መሆኑን ይናገራል። አያትየው ይህን ሁሉ አዳምጠው ዝም አሉና፣ «ታዲያ ይኼን ሁሉ ዘመን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ካለ ልጄ ካይሮ ድረስ ምን ያስከፍለዋል?» አሉ። ቄሱ ለዚህ መልስ አልነበራቸውም። እኔም የለኝም።

ጉጉቷን ግን ቄሱም አላዳኗትም። አባትየው ትምህርቱን ለማጠናከር ብሎ ዱኦሊንጎ የሚባለውን አፕ ጭኖ ነበር። አፑ ዓረብኛ የጨመረው እ.ኤ.አ. በ2019 ነው፤ አርማው አረንጓዴ ጉጉት ናት፤ ትምህርት ስትዘነጋ መልእክት እየላከች ትነተርካለች። ማታ ከራት በኋላ ስልኩ ጮኸ። አያትየው «ምንድን ነው?» አሉ። ልጁ «ጉጉቷ ናት፣ ትጠራኛለች» አላቸው። ላስታ ውስጥ ጉጉት በማታ ልጅን በስሙ ጠራች ሲባል የሚሆነውን ለአገሬ ሰው አልዘረዝርም። ስልኩ ያደረው እቃ ቤት፣ ጠበል ተረጭቶ ነው።

ነገሩ ሟርት ባይሆንም ጉጉቷን እኔም አልወደድኳትም። ዓረብኛን በአማርኛ አታስተምርም። ስለዚህ የላሊበላ ልጅ የወንዙን ማዶ ቋንቋ ለመማር መጀመሪያ እንግሊዝኛ አገር ደርሶ መመለስ አለበት። እዚያ ደግሞ ቤት «በይት» መሆኗን፣ ነፍስ «ነፍስ» መሆኗን፣ ራስ «ረእስ» መሆኑን እንደ ጉድ ያስተምሩታል። ሰንበት ትምህርት ቤት አርባዕቱ፣ ኀምስቱ፣ ሰብዓቱ እያለ የቆጠረ ልጅ አርበዓ፣ ኸምሳ፣ ሰብዓ ሲባል ግማሹ በእጁ ነው፤ ይህን የሚነግረው ግን ጉጉቷ አይደለችም።

ከሁሉ የሚያስቀኝ ዓረብኛው በነፃ ገብቶ የተባረረበት ጊዜ ነው። ዲሻችን ሁሉ ወደ ዓረብሳትና ናይልሳት ዞሮ በነበረ ዘመን ኤምቢሲ ስሪ ከጠዋት እስከ ማታ የልጆች ፊልም በዓረብኛ ያሳይ ነበር። የዚህ ልጅ ታላቅ እህት ያኔ በሱ ዕድሜ ሆና ከድመቱም ከጭራቁም ጋር በዓረብኛ ትጣላ ነበር። አባትየው «በማይገባሽ ቋንቋ አትደንዝዢ» እያለ ያጠፋባታል። በ2012 ኢትዮሳት ሲመጣ ባለሙያ ጠርቶ፣ ከፍሎ ዲሹን አዞረ። አሁን ደግሞ ይኸው ለካይሮ ይከፍላል። ልጅቱ ዛሬም የአንዱን ፊልም መዝሙር ከነዜማው ትለዋለች፤ እሷን ግን ማንም አልጠየቃትም።

ያልተጠየቀችው እሷ ብቻ አይደለችም። ያቺ ጥግ ይዛ ቡና የምትቆላው አክስት፣ የሚስቱ እህት፣ ጅዳ ሰባት ዓመት ኖራ የመጣች ናት። ከሰሜን ወሎ የሄደ ሰው የሌለበት የጅዳ ፎቅ የለም ቢባል ብዙ ውሸት አይሆንም። በ2006 ሳዑዲ ዓረቢያ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያንን በጥቂት ወራት ስትመልስ ከአውሮፕላን የወረደው ሰው ይዞት የመጣው ሻንጣና ብርድ ልብስ ተቆጠረ፤ ይዞት የመጣው ቋንቋ አልተቆጠረም። ቆይቶ በወጣው አዋጅ ቁጥር 923/2008 ወደ ውጭ ለሥራ የሚሄድ ሰው ቢያንስ 8ኛ ክፍል ያጠናቀቀ እንዲሆን ተደነገገ። ሲመለስ ስንተኛ ክፍል እንደደረሰ የሚጠይቅ አንቀጽ ግን የለም።

ለምን እሷ አታስተምረውም? ብዬ አባትየውን ጠይቄዋለሁ። ቡናዋን እየጠጣ ነበር።

«የሷ እኮ የወጥ ቤት ዓረብኛ ነው» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ፉስሓ አይደለም።»

ፉስሓ፣ የመጽሐፉ ዓረብኛ፣ የምትለዋን ቃል የተማረው ከመምህርቷ ማስታወቂያ ነው። መምህርቷ ራሷ ግን ካሜራው ሲጠፋ ለልጆቿ እራት ቅረቡ የምትለው በፉስሓ አይደለም፤ በካይሮ አነጋገር ነው። በፉስሓ አፉን የፈታ ልጅ በዓረቡ ዓለምም የለም። የስድስት ዓመት ልጅ ደግሞ ዓለሙ በሙሉ ወጥ ቤት ነው፤ ውኃ፣ ዳቦ፣ ና፣ ተቀመጥ፣ እጅህን ታጠብ፣ አትንካ። ከዚህ ያለፈውን የሚፈልገው ስንት ዓመት ቆይቶ ነው። አክስቲቱ ይህን ሁሉ ከነሽታው ታውቀዋለች። ነገር ግን የምስክር ወረቀት የላትም፣ አሻንጉሊት የላትም፣ ከሁሉም በላይ ክፍያ አልጠየቀችም፤ ነፃ ነገር ደግሞ እኛ ዘንድ ክብር የለውም።

ልጁ ግን አባቱን ሳያስፈቅድ ተመዝግቧል። ከሰዓት በኋላ አክስቱ እንጀራ ስትጋግር ጓዳ ይገባና «መዳም» ይጫወታሉ። አንዷ መዳም ትሆናለች፣ አንዱ ሠራተኛ። አክስቲቱ አገጯን ወደ ላይ፣ ድምፅዋን ወደ አፍንጫዋ አድርጋ «ተዓሊ! ጂቢ ሞያ! ሱርዓ፣ ሱርዓ!» ትላለች፤ ልጁ ውኃ ይዞ ይሮጣል። «ነዝፊ!» ትላለች፤ መጥረጊያ ያነሣል። ከዚያ ተራው የሱ ይሆናል። እሱ መዳም ሲሆን እሷ እያጎነበሰች «ሓድር፣ ሓድር» ትላለች፤ እሱ ሆዱን ይዞ ይስቃል። እሷም ትስቃለች። ሰባት ዓመት ስትታዘዝበት የኖረችውን ቋንቋ አሁን እየተጫወተችበት ነው፤ ሳቋ ከልጁ ሳቅ ትንሽ ዘግየት ብሎ ነው የሚያልቀው።

ታዲያ ሁሉ ነገር የወጣው የወላጆች ቀን በተባለው ዕለት ነው። መምህርቷ ልጁ ያወቀውን ለቤተሰቡ እንዲያሳይ አዘጋጅታዋለች። እኛም ተሰብስበናል፤ ፈንዲሻ አለ። አርነብ፣ በጣ፣ ሠዕለብ አለፉ። ከዚያ መምህርቷ «አሁን ደግሞ አባባን በዓረብኛ አንድ ነገር ጠይቀው» አለችው። ይህ በዝግጅቱ ውስጥ አልነበረም። አባትየው በኩራት ቀና ብሎ ተቀመጠ። ልጁ ዞሮ አገጩን ወደ ላይ አነሣ፤

«ያ ባባ! ተዓሊ! ጂቢ ሞያ! ሱርዓ፣ ሱርዓ!»

መምህርቷ አሻንጉሊቱ ከእጇ እስኪወልቅ ሳቀች። ልጁ ያለው ነገር ጥርት ያለ ነው፤ አባቱን «ነይ፣ ውኃ አምጪ፣ ቶሎ በይ» ነው ያለው። ዓረብኛ እንደኛው ለሴትና ለወንድ ትእዛዝ ይለያል፤ አክስቲቱ ደግሞ በወንድ አንቀጽ የታዘዘችበት ቀን የለም። መምህርቷ ዓይኗን እየጠረገች በእንግሊዝኛ ለአባትየው አስረዳችው። አባትየው ቀስ ብሎ ወደ ጥጉ ዞረ። ሁላችንም ዞርን። አክስቲቱ ረከቦቱ ላይ አቀርቅራ ሲኒ ታጥባለች፤ አንዱን ሲኒ ደጋግማ ነው የምታጥበው።

መምህርቷ «ማን ናት ያስተማረችው?» ብላ አክስቲቱ ወደ ስልኩ እንድትቀርብ ለመነች። እጇን በቀሚሷ ጠርጋ መጣች። መጀመሪያ ላይ አፍራ በአንድ ቃል ብቻ ትመልስ ነበር። ጥቂት ቆይቶ ግን መምህርቷ እኅቷ ጅዳ አግብታ እንደምትኖር አወራች። የት ሰፈር? ተባለ። ከዚያ በኋላ ማን ይያዛቸው። ስለ ሙቀቱ፣ ስለ ሽንኩርት ዋጋ፣ ስለ ረመዳን የሌሊት ማድቤት፣ ስለ አንዲት የፎቅ ጎረቤት ሐሜት ይመስለኛል፣ ሁለቱም አፋቸውን በእጃቸው ይዘው ሳቁ። ልጁ በመካከላቸው ተቀምጦ አንዴ ስልኩን አንዴ አክስቱን ያያል፤ ማንም ሳይጠይቀው «ማፊ!» «ኸላስ!» እያለ ጣልቃ ይገባል። ስክሪኑ ላይ ፊኛ ወጥቶ ነበር፤ አልነካውም።

አባትየው ሰዓቱን አየ። ከተከፈለበት ትምህርት ከግማሽ በላዩ በጨዋታ አልቋል። ጉሮሮውን ጠርጎ ለመምህርቷ በእንግሊዝኛ፣ ይህ ጊዜ ከሒሳቡ ይቀነስ እንደሆነ ጠየቃት። እሷ ወሬውን ሳታቋርጥ በዓረብኛ አንድ ነገር ብላ እጇን አወዛወዘችና ቀጠለች።

«ምን አለች?» አለው ልጁን።

«ገንዘብ የለም አለች።»

ያን ቀን አላስከፍልህም ማለቷ ይሁን የከፈልከው አይመለስም ማለቷ፣ አባትየው እስካሁን አላወቀም። አክስቲቱን ደግሞ አይጠይቃትም።